ቨርጂኒያ ካለች አለቀ

የኡርሱላ ኦክፓ ገና ይጨስ ነበር። ድስቷ በንክዎ ገበያ በር ላይ ተገልብጦ፣ ከባቄላ ዱቄት የተቀቀለው፣ በቅጠል የተጠቀለለው ቢጫ ኦክፓ መሬት ላይ ተበታትኗል፤ ግማሹን ጫማ ረግጦታል። ኡርሱላ ራሷ ከድስቱ አጠገብ በሰው ሽርጥ ተሸፍና ተኝታለች። ከሽርጡ ሥር በወጣው እጇ ላይ በጣት የሚሞላ አሮጌ ሰዓት አስራለች።

«ማዳም፣ ማንም አልመታትም» አለኝ ሳጅን ፌስተስ። «ተረግጣ ነው። በሩ ጠባብ ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ እንደ ጎርፍ ነው የወጣው።»

«ምን አስወጣው?»

ስልኩን ዘረጋልኝ። ከላይ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው የሚስቁት የእማማ ቨርጂኒያ ፎቶ አለ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ወገኖቼ! ከንክዎ ገበያ ጀርባ ያለው የጋዝ መጋዘን ሊፈነዳ ነው። ያላችሁን ጥላችሁ አሁኑኑ ውጡ!»

ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ዘበኛው ጥላ ሥር ተቀምጦ ከራሱ ጋር ዳማ ይጫወታል።

«የምን ፍንዳታ?» አለኝ። «እኔ የሰማሁት የሰዉን ሩጫ ነው። እኔም ልሮጥ ነበር፤ ግን እያሸነፍኩ ነበር።»

ኢንስፔክተር ንዋካኤጎ ኡዴህ እባላለሁ፤ ሌባም አማቴም የሚሸሹኝ ሴት ነኝ። ከኢኑጉ ማዶ ባለችው ኡሙኮሉ ከተማ ተወልጄ ያደግኩ ስለሆንኩ ሕዝቡ ለምን እንደሮጠ ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም። እማማ ቨርጂኒያ ኦዞኤሜና የሬዲዮ ኡዱን ዜና ሠላሳ ዓመት አንብበዋል። ዜናው ሊጀምር ሲል ሰዓቱን ይናገራሉ፤ ከተማው በሙሉ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በእሳቸው ድምፅ ነው። ባልና ሚስት ሲከራከሩ እንኳ አንዱ «ቨርጂኒያ ካለች አለቀ» ካለ ክርክሩ ያበቃል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ደግሞ የጋዜጠኞች ማኅበር ማህበራዊ ሚዲያን እንዴት በወጉ እንደሚጠቀሙ የሚያስተምር ሰው አስመጥቶ፣ እሳቸውም ተምረው ገጽ ከፈቱ። ከተማው ከሬዲዮው ተከትሏቸው ወደ ስልኩ ገባ።

ኦጋ የምንለው አለቃዬ ማምሻውን አስጠራኝ።

«እስከ ዓርብ ሴትዮዋ ክስ ይመሰረትባቸው» አለኝ። «ጽሑፉ በስማቸው ወጥቷል፤ ሰው ሞቷል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የጻፈውን ሰው፣ ኦጋ።»

«እሳቸው ናቸዋ!»

«እሱን ነው እስካሁን የማላውቀው። ዓርብ እነግርሃለሁ።»

አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ሥራዬን ስለማውቅ ነው፤ በባዶ ሜዳ አልፎክርም።

በማግስቱ ሬዲዮ ኡዱ ስደርስ ሁለት ጎረምሶች ድንጋይ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ድንጋዩ ለምንድን ነው?»

«ለምንም።»

«ለምንም ከሆነ መሬት ይያዘው።»

አስቀመጡት። ውስጥ ደግሞ ቀይ ቆብ የደፉ፣ የንስር ላባ የሰኩ አንድ የገጠር ሽማግሌ እንግዳ ተቀባይዋን ፔሽንስን አላስቆም አላስቀምጥ ብለዋታል።

«ኮላችንን ያሳነሰው ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

«አባባ፣ ትናንት ሰው ሞቶብናል። የኮላ ሰዓት ነው እንዴ?»

«ልጄ፣ ኮላ ሰዓት አያውቅም!»

ኮላ በእኛ ዘንድ ድግስ የሚከፈትበት፣ ተመርቆ የሚሰበር ፍሬ ነው፤ ጋዜጣም ሬዲዮም እንዲህ ያለ ቅሬታ አጥቶ አያውቅም። አልፌያቸው ገባሁ።

እማማ ቨርጂኒያ ዜና ክፍሉ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ማይክሮፎናቸውን ሌላ ሰው ይዞታል።

«እኔ አልጻፍኩትም» አሉኝ። «ግን ይህን ለመናገር አፈርኩ።»

«ለምን ያፍራሉ?»

«ሠላሳ ዓመት እመኑኝ ስል ኖሬ፣ ልጄ! አመኑኝ። ኡርሱላም አምናኝ ነው የሮጠችው። ዛሬ ተነስቼ አትመኑኝ ልበላቸው?»

አንጀቴን በሉት። ግን ያዘነ ሰው ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ ስለዚህ መጠየቄን ቀጠልኩ።

«ስልክዎ የት ነበር?»

«ውጭ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ካለው ጠረጴዛ ላይ። ስቱዲዮ ስልክ አይገባም። መብራት ከሄደ ሰንብቷል፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሁላችንም እዚያ ነው የምንሰካው። የረፋዱን ዜና ብቻዬን ሳጠና ነበር፤ ከዚያ አነበብኩ። ሰው እየተረገጠ እኔ ስለ ዝናብ አወራለሁ።»

«ሲያጠኑ ያየዎት አለ?»

«ግድግዳው።»

«የስልኩን የሚስጥር ቁጥርስ ማን ያውቃል?»

አቀረቀሩ። «የጣቢያውን ቁጥር ነው ያደረግኩት፤ ሰው ሬዲዮ የሚከፍትበትን።»

«እማማ! ይህንን እኮ የሠፈሩ ፍየል ሁሉ ያውቀዋል።»

«አሰልጣኙም እንደዚሁ ብሎ ተቆጥቶኛል። እኔ ደግሞ፣ አንተ ስልክ ነጋዴ፣ የልጅ ልጄ ትሆናለህ ብዬ ዝም አሰኘሁት።»

ሳጅን ፌስተስ ስልኩን አስመርምሮ ጽሑፉ ከዚያው ከእሳቸው ስልክ እንደወጣ አረጋግጧል። እንግዲህ ወይ እሳቸው ናቸው፣ ወይ በዚያ ረፋድ ከጠረጴዛው አጠገብ የቆመ ሰው ነው። ወደ ፔሽንስ ተመለስኩ። ሽማግሌው እያጉረመረሙ ሄደዋል።

«ትናንት ረፋድ ላይ ማን ማን ገባ?»

«የውጭ ሰው አልገባም፣ ማዳም። ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ሰውዬ፣ እኔ፣ ቴክኒሺያኑ። ሌሎቹ በሙሉ ሥልጠና ላይ ነበሩ።»

«በሙሉ?»

«ከባርናባስ በቀር። እሱ የአማንክዎ አዳራሽ ምረቃ ላይ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ቴክኒሺያኑና ጄኔሬተር አስነሺው ያን ሰዓት ሙሉ ጓሮ ሆነው ከአንድ እምቢተኛ የመጠባበቂያ ሞተር ጋር ሲታገሉ እንደነበር ግማሹ ሠፈር መሰከረላቸው። ፔሽንስ ደግሞ በስልኳ ፊደል የምትጽፍ ዓይነት ሰው አይደለችም፤ ፎቶ ታያለች፣ ልብ ትልካለች፣ በቃ።

ከተማው ግን የራሱን ወንጀለኛ መርጦ ጨርሷል፤ አሰልጣኙን። ታሙኖ ብሪግስ የፖርት ሃርኮርት ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ፈጣን አነጋገር ያለው። በጋዜጠኞች ማኅበር አዳራሽ ስደርስ ሻንጣውን በሩ አጠገብ አስቀምጦ ያስተምራል።

«ልትሸሽ ነው?» አልኩት።

«ማዳም፣ ማታ በመስኮቴ ድንጋይ ገብቷል። ሻንጣዬ ይሽሽ፤ እኔ ትምህርቱን ሳልጨርስ አልሄድም።»

ወደድኩት። መውደዴን ግን አላሳየሁትም።

«የሁሉንም ገጽ የከፈትከው አንተ ነህ። እማማ ቨርጂኒያ ደግሞ በሰው ፊት ሰድበውሃል።»

«ሁሉንም ይሰድባሉ እኮ! ስድባቸውም ደስ ይላል፤ በዜና ድምፅ ነው የሚሰድቡት። ደግሞ ያን ረፋድ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ ነበር። ስልካቸው የነበረው ሌላ ቦታ ነው።»

ክፍሉ ሁሉ አዎን አለ። እኔም ቀድሜ አጣርቼ ነበር።

«ምን ምን ነው የምታስተምራቸው?»

«ዋናው ነገር አንድ ነው፤ ሳታጣሩ አትለጥፉ። በዓይን ያላያችሁትን፣ ሁለት ሰው ያልመሰከረበትን አትንኩ። ከዚያ ደግሞ ፎቶ፣ ርዕስ፣ ሰው ስልኩን የሚያይበትን ሰዓት መምረጥ። መብራት ባለበት ሰዓት ጽፎ አስቀምጦ፣ በተፈለገው ሰዓት ራሱ እንዲወጣ ማድረግ። መብራት ቢጠፋም ዜናችሁ አይጥፋ እላቸዋለሁ።»

«ያን ቀን ከክፍል የቀረ ማን ነው?»

«እማማና ሚስተር ባርናባስ። እማማ ዜና ነበረባቸው፤ ሚስተር ባርናባስ በዓል።»

ባርናባስ ኤዜአላን መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ መጣ። የሬዲዮ ኡዱ የበዓል ዘጋቢ ነው። የሹመት ድግስ፣ የአዳራሽ ምረቃ፣ የሀብታም ቀብር ካለ ባርናባስ አለ፤ ሆዱም የሥራ ልምዱን ይመሰክራል።

«ኢንስፔክተር፣ ጊዜሽን አላባክንም» አለ። «እማማ እንደ እናቴ ናቸው፤ ግን እርጅና ነው። አንድ ወሬ ሰሙ፣ ደነገጡ፣ ለጠፉ። ለእሳቸው ስልክ መስጠት ለሕፃን ክብሪት መስጠት ነው። ጥፋቱ የዚያ የፖርት ሃርኮርት ልጅ ነው።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

ሳቀ። «ስልክሽን ክፈቺ፤ እዚያ አለሁ።»

ከፈትኩ። ገጹ ላይ የአማንክዎ በዓል ከእንግዶች መግባት ጀምሮ ተደርድሯል። «ክቡር ኮሚሽነሩ በተወካያቸው አማካይነት ደርሰዋል።» ቀጥሎ በእንጨት ሳህን ላይ የተቀመጠ ኮላ ፎቶ፤ «ኮላው አሁን ተሰበረ፤ አራት ፍልቃቂ ሆኗል፤ የሰላም ምልክት ነው።» ይህ የወጣው ሕዝቡ ከገበያው በር ሲጋፋ በነበረበት ሰዓት ነው። አማንክዎ ደግሞ ከዚህ በመኪና ረጅም መንገድ ነው።

ሳጅን ፌስተስ ወደ በዓሉ መድረክ መሪ ደወለ።

«ባርናባስ? እንዴት አልነበረም! አንድ ጠረጴዛ ላይ ሩዝ በልተናል። የእኔንም ሥጋ በልቷል።»

ስልኩን ዘጋ። «ማዳም፣ የሰው ሥጋ ሲበላ የታየ ሰው በሌላ ቦታ ሊሆን አይችልም።»

«የፍየል ሥጋ ማለትህ ነው።»

«አዎ፣ ማዳም።»

ሐሙስ ከሰዓት አለቃዬ የክሱን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። እማማ ቨርጂኒያን አስጠርቼ ነበር። ወረቀቱን ሲያዩ ስለ እስር አልጠየቁኝም።

«የኡርሱላ ልጅ፣ ንኪሩ፣ ትበላለች?» አሉ።

«አላውቅም፣ እማማ።»

«ሄጄ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። በምን ፊቴ?» ድምፃቸው፣ ያ ሰዓት የምናስተካክልበት ድምፅ፣ ተሰበረ። ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። እኚህ ሴት አንድ ቀን እንኳ ዋሽተውን አያውቁም፤ እኛ ደግሞ ለፍርድ ቤት ልንሰጣቸው ወረቀት እየፈረምን ነው።

ከበሩ ውጭ ጩኸት ተሰማ። ያ ቀይ ቆብ ተመልሶ መጥቷል።

«ሬዲዮው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ! ፖሊስ ካልሰማኝ ማን ሊሰማኝ ነው?»

«አባባ፣ ኢንስፔክተሯ የሰው ነፍስ ጉዳይ ይዛለች» ይላል ሳጅን።

«ይግቡ» አልኩ። ጭንቅላቴ ግሏል፤ የሌላ ሰው ጠብ ብሰማ ይበርድልኛል ብዬ ነው።

ኢቼ ኦኮሎ ይባላሉ። ከኪሳቸው ኮላ አወጡና ክፍሉን ቃኙ።

«ወንድ አለቃ የለም? ኮላ ሴት አትሰብርም።»

«እዚህ ክፍል የለም። ኮላውን ሳጅን ይስበረው፤ ነገሩን ለእኔ ይንገሩኝ።»

ትንሽ አሰቡና ተስማሙ። ሳጅን በእንግሊዝኛ ሊመርቅ ሲጀምር እጁን ያዙት። «ኮላ እንግሊዝኛ አይሰማም።» በኢግቦ መረቁ፣ ተሰበረ፣ ሳጅን አንዱን ፍልቃቂ አፉ ውስጥ ጣለ። ከዚያ ሽማግሌው ኮላቸውን ማን፣ የትና እንዴት እንዳሳነሰባቸው ነገሩኝ።

ነገሩ አጭር ነበር። ሳጅን ፌስተስ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ማዳም! ይህ ማለት እኮ...»

«ዝም ብለህ አላምጥ» አልኩት። «ነገ ጠዋት አባባን በእኛ መኪና ታመጣቸዋለህ። ፔሽንስንም።»

ዓርብ የሥልጠናው መዝጊያ ነበር። አዳራሹ በጋዜጠኛ ተሞልቷል፤ ጄኔሬተሩ ከውጭ ያጓራል። እማማ ቨርጂኒያ ከፊት ተቀምጠዋል፤ በግራና በቀኛቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። ያ ባዶ ወንበር ደሜን አፈላው። ታሙኖ መድረኩን ለቀቀልኝ።

«ባርናባስ» አልኩ፤ «ከክፍል ቀርተህ ነበርና የአማንክዎን በዓል እስቲ ለባልደረቦችህ አጫውታቸው። ኮላው ሲሰበር ነበርክ?»

«ፊት ለፊት ተቀምጬ! ፎቶውንም ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«ስንት ፍልቃቂ ሆነ?»

«አራት። ጽፌዋለሁ እኮ።»

ከኋላ አንድ ከዘራ ወለሉን መታ።

«ስድስት!» ኢቼ ኦኮሎ ቆመዋል። «ስድስት ፍልቃቂ! በአማንክዎ አባቴም ይህን አላየ፣ አያቴም አላየ! መድፍ ተተኮሰ፣ ፍየል ታረደ፣ እግሩ የማይታዘዘው ሽማግሌ ሁሉ ጨፈረ። አንተ ፊት ለፊት ተቀምጠህ አራት አየህ?»

አዳራሹ ሳቀ። ባርናባስም አብሮ ሊስቅ ሞከረ።

«ስሕተት ነው፣ አባባ። ብዕር ስቶኝ ነው።»

«ስድስት ፍልቃቂ ያየ ጋዜጠኛ ሌላ ርዕስ ይጽፋል?» አልኩ። «ፊት ለፊት የነበረ ሰው ዛሬም ስለ እሱ ያወራ ነበር። የበዓል ዘጋቢ ዜናውን ከፕሮግራሙ ላይ ቀድሞ ይጽፋል፤ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ተወካዩ ይመጣል፣ ንግግሩ ይደረጋል፣ ኮላው አራት ይሆናል፤ የኮላ ፎቶ ደግሞ ከየትኛውም ያለፈ ድግስ ይገኛል። ባርናባስ፣ ኮላ ግን ፕሮግራም አያነብም።»

ሳቁ ጠፋ። አንዲት ጋዜጠኛ ቀስ ብላ ወደ ባርናባስ ዞረች።

«ሩዙን እኮ በልቻለሁ! ሰው አይቶኛል!»

«ሩዙ የቀረበው ከሰዓት በኋላ ነው። ስትደርስ ሲጨፍሩ አገኘሃቸው፤ ለምን ብለህ አልጠየቅክም፤ ዜናህን ጽፈህ ጨርሰሃላ። ፔሽንስ፣ ነይ እህቴ። ባርናባስን አማንክዎ አይቼዋለሁ ብለሽኛል።»

«አዎ፣ ማዳም። በዓይኔ።»

«በዓይንሽ ነው ወይስ በስልክሽ?»

ፔሽንስ አፏን በእጇ ያዘች።

«በ... በስልኬ።»

«ከስልኩ ውጭስ?»

«መቅረጫውን ረስቶ ሊወስድ መጥቶ ነበር። የበዓል ልብስ ለብሶ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ስልክ ሲነካካ፣ የራሱ መስሎኝ ስለ ቆቡ ቀለድኩበት። በኋላ ስልኬ ላይ አማንክዎ ሆኖ ሳየው፣ የመጣውማ የቀደመው ቀን ነው አልኩ ለራሴ። ግን የቀደመው ቀን በዓል አልነበረም... ወይኔ አምላኬ፣ ያን ቀን ነው!»

ታሙኖ ከጥግ ተናገረ። «ሚስተር ባርናባስ፣ ገጽዎን ይክፈቱት። ጽሑፉ መቼ እንደተጻፈና መቼ እንዲወጣ እንደታዘዘ ለባለቤቱ ያሳያል። አላስታወሱም? ያስተማርኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው።»

ባርናባስ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ አልከፈተውም። ወንበር ላይ አኖረውና አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሰው እንዲስቅባቸው ብቻ ነው የፈለግኩት» አለ። ድምፁ ከሆዱ ያነሰ ነበር። «ጋዙ እንደማይፈነዳ ሁሉም ያያል፤ አረጀች ይላሉ፤ ይሳቃል፤ በቃ። ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ በየገጠሩ የተንከራተትኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ስልክ መያዝ እንኳ አያውቁም ነበር። ገጽ በከፈቱ በሳምንቱ ከተማው ጠቅልሎ ገባላቸው፤ እኔን እናቴም አትከተለኝ። ሬዲዮው አዲሱን የማህበራዊ ሚዲያ ክፍል ለእሳቸው ሰጠ። ሰው ይሮጣል ብዬ አላሰብኩም።»

እማማ ቨርጂኒያ ዞር አሉ።

«ባርናባስ» አሉት፤ አልጮኹም። «እኔ ብያለሁ ከተባለ እንደሚሮጡ ካንተ በላይ ማን ያውቃል?»

ሳጅን ፌስተስ ክንዱን ይዞ አስወጣው። ኢቼ ኦኮሎ ግን ገና አልጨረሱም ነበር፤ ስድስቱ ፍልቃቂ ዛሬውኑ እንዲጻፍ ጠየቁ። አዳራሹ ሙሉ ጋዜጠኛ ስልኩን አወጣ። ታሙኖ እጁን አነሳ።

«ከመለጠፋችሁ በፊት ሁለተኛ ምስክር!»

ቅዳሜ እማማ ቨርጂኒያ ወደ ንክዎ ገበያ ልሂድ አሉኝ። አብሬያቸው ሄድኩ። የኡርሱላን ሰዓት በኪሴ ይዣለሁ፤ ምርመራው ስላለቀ ለልጇ መመለስ አለበት።

በሩ ላይ ያሉት ሴቶች ሲያዩን ከሸቀጣቸው ቀና አሉ። ንኪሩ የእናቷ ድስት ጀርባ ቆማለች፤ በአንድ እጇ ኦክፓ ትደረድራለች፣ በሌላው ስልኳን ይዛለች። እማማ ቨርጂኒያ ከፊቷ ቆሙ። ስንመጣ መኪና ውስጥ የተለማመዱት ንግግር ነበራቸው፤ ሰምቻቸዋለሁ። በንግግሩ ፋንታ እንባቸው ወረደ።

ሰዓቱን አውጥቼ ለንኪሩ ሰጠኋት። የሚሞላው ሰው አጥቶ ቆሟል። ስልኳን ድስቱ አጠገብ አስቀምጣ ሰዓቱን ገልብጣ አየችው፣ በሽርጧ ጫፍ መስታወቱን ጠረገችው፣ ከዚያ በጣቷ ቀስ እያለች ሞላችው። ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች።

ስልኳ ፊቷ ነው፤ ሰዓቱ በትልቁ ተጽፎበታል። አላየችውም። ቀና አለች።

«እማማ» አለች፤ «ሰዓት ስንት ነው?»

እማማ ቨርጂኒያ እንባቸውን ጠረጉ። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ በዚያው በምናውቀው ድምፅ፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

«አራት ሰዓት ከሩብ ነው።»

ንኪሩ የእናቷን ሰዓት አራት ከሩብ ላይ አድርጋ አሰረችው። በሩ ላይ ያሉት ሴቶችም አንድ በአንድ ሰዓታቸውን አስተካከሉ።